መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤስኤስኤች ቁልፉን ለምን እምቢ ይላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤትህ ያለው ዴስክቶፕ የሚሰራው በኡቡንቱ (በሊኑክስ ስሪት) ነው። ከቢሮ ላፕቶፕህ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከሩቅ በተመሰጠረ መስመር መግቢያ) ትገባበታለህ፤ በፓስዎርድ ፋንታ ማንነትህን የሚያረጋግጠው ቁልፍ የሚባል ፋይል ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ግን ቁልፉን ትቶ ፓስዎርድ ይጠይቅሃል። ፓስዎርዱን አስገብተህ ከገባህ በኋላ ሁለተኛ ተርሚናል ብትከፍት ደግሞ በዚያው ቁልፍ ሰተት ብለህ ትገባለህ።

ከእኔ በፊት የመለሱት «አዲስ ቁልፍ ፍጠር» ብለውሃል። ተው፣ አትፍጠር። ጠዋት ተበላሽቶ ከሰዓት በራሱ የሚድን ቁልፍ የለም። ዋናው ፍንጭ ያለው «አንዴ ፓስዎርድ ካስገባሁ ይሰራል» ባልካት ነገር ላይ ነው።

እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የተመሰጠረ ሆም ፎልደር (የግል ፋይሎችህ ያሉበት ፎልደር) ነው። ድሮ፣ እነ 16.04 ዘመን፣ ኡቡንቱ ስትጭን «ሆም ፎልደሬን ኢንክሪፕት አድርግ» የምትል ምርጫ ነበረች። 18.04 ላይ ከመጫኛው ወጣች። እንደ አዲስ ሳትጭን ከስሪት ስሪት አፕግሬድ እያደረግክ ከመጣህ ግን ምስጠራው አብሮህ መጥቷል። ለማረጋገጥ፣ ስላሽ ሆም ስር በነጥብ የሚጀምር ኢክሪፕትኤፍኤስ የሚባል ድብቅ ፎልደር መኖሩን እይ። ካለ ነገሩ ገብቶናል ማለት ነው።

ሰርቨሩ (ዴስክቶፑ ላይ የኤስኤስኤች ጥያቄ የሚቀበለው ፕሮግራም) አንተን ለማስገባት የተፈቀዱ ቁልፎችን ዝርዝር ማንበብ አለበት። ዝርዝሩ ያለው ሆም ፎልደርህ ውስጥ፣ ነጥብ ኤስኤስኤች የሚባለው ፎልደር ስር፣ ኦቶራይዝድ ኪይስ በሚባለው ፋይል ነው። ሆም ፎልደሩ ደግሞ የሚከፈተው በፓስዎርድህ ነው። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ፣ የእንግዶቹ ስም ዝርዝር ግን ቤት ውስጥ ተቆልፎበት እንደማለት ነው። መብራት ሲመጣ ዴስክቶፑ በባዮሱ (በኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም) ቅንብር ምክንያት ራሱ ይነሳል፤ ግን ማንም ስላልገባበት ሆም ፎልደሩ ዝግ ነው። አንተ ፓስዎርድ ስታስገባ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ይሰራል። ሁሉንም ሴሽን ዘግተህ ስትወጣም መልሶ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ችግሩን ያለ መብራት መጥፋትም ልታየው ትችላለህ።

መፍትሄው ዝርዝሩን ከሆም ፎልደር ማውጣት ነው። ኢቲሲ ውስጥ ኤስኤስኤች የሚለው ፎልደር ስር አዲስ ፎልደር ፍጠር። እዚያ ውስጥ በዩዘር ስምህ የተሰየመ ፋይል አስቀምጥና የፐብሊክ ቁልፍህን (ለሰርቨር የሚሰጠውን የቁልፉን ግማሽ) መስመር ቅዳበት። የሁለቱም ባለቤት ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ይሁን፤ ፈቃዳቸው ፎልደሩ 755፣ ፋይሉ 644፤ ሁሉም ያነበዋል፣ የሚጽፍበት ግን ሩት ብቻ ነው። ከዚያ የሰርቨሩ ኮንፊግ ውስጥ ኦቶራይዝድ ኪይስ ፋይል የሚለውን መስመር ወደዚህ ቦታ አዙረው። በዩዘር ስሙ ቦታ ፐርሰንት ዩ ጻፍ፣ ለሁሉም ዩዘር ይሰራል። ሰርቨሩን ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ኤስኤስኤችዲን (የሰርቨሩን ፕሮግራም) በሰረዝ ቲ አስነሳውና ኮንፊጉ ስህተት እንደሌለው አረጋግጥ። የገባህበትን ተርሚናል ደግሞ አዲሱ መንገድ መስራቱን በሌላ ተርሚናል ሳታይ እንዳትዘጋው። ዴስክቶፑ ቤት፣ አንተ ቢሮ ሆነህ በሩን በራስህ ላይ ብትዘጋ የሚከፍትልህ የለም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። በቁልፍ ስትገባ ሆም ፎልደርህ አሁንም ዝግ ነው፣ ፋይሎችህን አታይም። ኢክሪፕትኤፍኤስ ማውንት ፕራይቬት የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥተህ ፓስዎርድህን ታስገባለህ። ስለዚህ ከመብራት በኋላ አንዴ ፓስዎርድ መጻፍህ አይቀርም። ይህ ከሰለቸህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ግዛ፣ ወይ ምስጠራውን አንሳ። እኔ ብሆን ዩፒኤሱን እመርጣለሁ፤ ዴስክቶፕ ድንገት ሲጠፋ ከቁልፍ በላይ የሚጎዳው ዲስኩ ነው።

ያ ድብቅ ፎልደር ከሌለስ? ያኔ ሰርቨሩን ራሱን መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው ላፕቶፑ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የምትለዋን ጽሁፍ እያየ ይውላል። ከዚያ ምንም አይገኝም፤ ሰርቨሩ እምቢ ያለበትን ምክንያት ለውጭ ሰው አይናገርም። ለማያውቀው ሰው «ፋይልህ እንዲህ ሆኗል» ብሎ እንዲያወራም አንፈልግም። ምክንያቱን የሚጽፈው በራሱ ሎግ (በክስተት መዝገቡ) ነው። ኡቡንቱ ላይ ቫር ሎግ ስር ኦዝ ዶት ሎግ የሚባለው ፋይል አለ፣ ከሌለ በጆርናልሲቲኤል ትዕዛዝ ታየዋለህ። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ኤስኤስኤችን በሰረዝ ቪ አስነሳው። «ኦፈሪንግ ፐብሊክ ኪይ» ብሎ የአንተን ቁልፍ ካልጠቀሰ ችግሩ ላፕቶፑ ጋ ነው፤ ጠቅሶ እምቢ ከተባለ ግን ዴስክቶፑ ጋ ሂድ።

ሎጉ ላይ «ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ» የሚል ካየህ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው የሆነ ፕሮግራም አልሰራ ሲለው በብስጭት ቻሞድ 777 ብሎ ሆም ፎልደሩን ለሁሉም ከፍቶታል ማለት ነው። ይህ 777 የሚባል ነገር እኮ ስንቱን አስለቀሰ! ሌላ ሰው ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ያለን የቁልፍ ዝርዝር ሰርቨሩ አያምነውም፤ ልክም ነው። ሆም ፎልደሩ ለግሩፕና ለሌሎች መጻፍ የማይፈቅድ፣ ነጥብ ኤስኤስኤች 700፣ ኦቶራይዝድ ኪይስ 600 ይሁኑ፤ ባለቤቱ ብቻ ይጠቀምባቸው ማለት ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው የግል ቁልፍም 600።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቁልፉን በቴሌግራም ልከህ ቀድተኸው ከሆነ መስመሩ ተሰብሮ ይሆናል፤ አንድ ቁልፍ አንድ መስመር ነው። ብዙ ቁልፎች ካሉህ ላፕቶፑ በየተራ እያቀረበ ትክክለኛው ሳይደርስ ሰርቨሩ ይዘጋብሃል፤ ሳይለወጥ የሚመጣው ወሰን 6 ሙከራ ነው፣ በላፕቶፑ የኤስኤስኤች ኮንፊግ ላይ ትክክለኛውን ቁልፍ ጠቅሰህ አይደንቲቲስ ኦንሊን «የስ» አድርገው። በ2021 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 8.8 ሻ1 በሚባለው ያረጀ ስልት የሚፈረመውን የድሮ አርኤስኤ (አንድ የቁልፍ ዓይነት) ፊርማ ሳይለወጥ በሚመጣው ቅንብሩ ዘግቷል፤ ያረጀ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ፕሮግራሙን አድስ። ዴስክቶፑ ዊንዶውስ ለሆነባችሁ ደግሞ፣ አድሚን የሆነ ዩዘር ቁልፉን በራሱ ፎልደር ውስጥ ቢያስቀምጥ አይታይም። ፕሮግራምዳታ ውስጥ ኤስኤስኤች ስር፣ አድሚኒስትሬተርስ ኦቶራይዝድ ኪይስ በሚባል ፋይል መሆን አለበት።

በዚህም ካልሆነ፣ እምቢ ባለህ ደቂቃ ሎጉ ላይ የወጡትን መስመሮች ለጥፍልን፣ አይፒ አድራሻህን አጥፍተህ። የግል ቁልፉን ግን ለማንም፣ «ልይልህ» ለሚልህም ቢሆን፣ እንዳትልክ።