ጎመኑንም ጨውንም ከተወች ወዲህ እናቴን ከፋት

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፈው ከሐይቅ ነው። እናቴ 56 ዓመቷ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተገጥሞላት ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ አላት። ጎረቤት ደግሞ ጎመን ደም ያረጋል አላት። ሁለቱንም እርግፍ አድርጋ ተወች። አሁን ለብቻዋ ነው የምትበላው። ቡና ሲጠሯት «አሞኛል በሏቸው» ትላለች። ትንሽ ነገር ያስለቅሳታል። ሰዎች ቫይታሚን ግዢላት ይሉኛል። ልግዛላት?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ለጊዜው አትግዢ።

ከጎመኑ ልጀምር። ዋርፋሪን ደም የሚያቀጥነው ቫይታሚን ኬን ሥራ በማስፈታት ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ሞልቶበታል። አንድ ሳምንት ጠግባ በልታ በሚቀጥለው ጭራሽ ካልቀመሰች መድኃኒቱ ልኩን ይስታል። ጉዳቱ ከመዋዠቁ ነው። በየሳምንቱ ያው መጠን ከሆነ መብላት ትችላለች። አሁን ግን ከተወች ስለቆየች፣ ስትጀምር ሐኪሟ ይወቅ፣ የደሟ የመርጋት ፍጥነትም ይለካ። ከፋርማሲ የሚገዛው ቅልቅል ቫይታሚንም ውስጡ ቫይታሚን ኬ ሊኖርበት ይችላል። አትግዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ቫይታሚን ዲም ይወራለታል። በአሜሪካ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ክኒኑ የልብ ሕመምን አልቀነሰም። ቢ12 ግን ይታይላት። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ሲያንስ ያደክማል፣ እግር ያደነዝዛል፣ ሆድ ያስብሳል። የሐይቅ ዓሣ ደጃችሁ ነው፤ ጨው ሳታበዢ ሥሪላት።

አሁን ወደ ልቅሶዋ። አባቴ ደሴ ልቡን ታሞ ሳለ አልጫውን በትንሽ ሳህን ለብቻው እናቀርብለት ነበር። የተንከባከብነው መስሎን ነው። አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አደረገና «ከትሪው አወጣችሁኝ» አለ። እስከ ዛሬ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ወጡን ለሁላችንም ጨው ቀንሰን መሥራት ጀመርን። ኮረሪማና ሎሚ ጨመርንበት። የጎደለው ከጎን ይነሰንስ ነበር። ለጤነኛም ቢሆን የቀኑ ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ነው የሚመከረው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውንም ቁጠሪው። ቡናችሁን በጨው የምትጠጡ ከሆነ የእሷ ስኒ ያለ ጨው ይሁን።

ልብ ለታመመ ሰው ድብርት ብርቅ አይደለም። የደበረው ሰው ደግሞ ክኒኑንም ይተዋል። ስለዚህ በቀጠሮዋ ቀን ልቅሶዋንም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሕክምና አለው። አንዳንዱ የድብርት መድኃኒት ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ስለሚያደማ ከሌላ ቦታ እንዳትጀምር። መኖር አስጠላኝ ካለችሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃት።

እስከዚያው ቡናው እናንተ ቤት ይፈላ። ጎረቤቶቿ እሷ ዘንድ ይምጡ።