ቃል ከተገባው ስንቱ ገባ? ስለ ትምህርት ቤት መዋጮ ለጻፋችሁልን

የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ስለ መደገፍ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ለማሠራት በጥር የገቢ ማሰባሰቢያ አዘጋጅተን ነበር። ሰዉ እየተነሣ በማይክ ቃል ገባ፣ ተጨበጨበ። እስከ ዛሬ ግን ግማሹ እንኳ አልገባም። እንደገና ስብሰባ መጥራት ደግሞ ያሳፍራል። (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል፣ ከደሴ ዙሪያ)

መልስ፦ ስብሰባ አትጥሩ፤ ወደየቤቱ ሂዱ። በማይክ የተነገረ ቃል የሚቀረው ሰዉ ዋሽቶ ሳይሆን፣ መቼና በምን መንገድ እንደሚከፈል ስላልተነገረና የሚከታተል ሰው ስላልተመደበ ነው። መዝገቡን በየመንደሩ ከፋፍሉትና ለአንድ ሰብሳቢ ከ15 እስከ 20 ስም ስጡ። ከዚያ ካለፈ ሰብሳቢው አንድ ዙር ሄዶ ይሰለቻል። የእድር ገንዘብ ያዦችን ከለመናችሁ ለዚህ ሥራ ከእነሱ የሚሻል የለም፤ ማን መቼ ገንዘብ በእጁ እንደሚገባ ያውቃሉ።

ቤቱ ስትደርሱ «ቃል የገቡትን ይክፈሉ» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሥራው የት እንደደረሰ ንገሩ፦ «በገባው ገንዘብ መሠረቱ ወጥቷል፣ የቀረን ብሎኬት ነው፤ የእርስዎ 2,000 ብር ይህን ያህል ብሎኬት ይገዛል።» ከዚያ ቀን አስቆርጡ። ለደመወዝተኛ የወሩ መጨረሻ፣ ለገበሬ ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ ለነጋዴ የበዓሉ ገበያ ባለፈ ማግሥት ይመቻል። በአንድ ጊዜ የከበደው በሦስት ጊዜ ይክፈል። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ አሸዋ ያስጭን ወይም የአናጺ የቀን ክፍያ ይቻል። በዓይነት የሚሰጠው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተተምኖ በሞዴል 19 (በንብረት መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፤ አለበለዚያ ድንጋይ የሰጠ ሰው ከስም ዝርዝሩ ይቀርና ዓመቱን ሙሉ ያዝናል።

ገንዘቡ ወደ ሰብሳቢው የግል ቴሌብር ወይም የግል ሒሳብ ፈጽሞ አይግባ። በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተና ርእሰ መምህሩና የኅብረቱ ተወካይ በጣምራ በሚፈርሙበት ሒሳብ ይግባ። በጥሬው የተሰበሰበ ካለ ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ተቀብላችሁ በማግሥቱ ባንክ አስገቡት። በየ15 ቀኑ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፉ። ከልመናው ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስገባው ይህ ወረቀት ነው። ያልከፈሉትን ስም ግን አትለጥፉ፤ ያዋረዳችሁት ሰው የዘንድሮውን ቢከፍል እንኳ የከርሞውን አይሰጥም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ትልልቅ ይሰጣሉ የምትሏቸውን ከዝግጅቱ በፊት በየቤታቸው አነጋግሩ። በዕለቱ ደግሞ ስም፣ ስልክ፣ መጠንና የመክፈያ ቀን ያለበት ቅጽ አስሞሉና ሲሶውን እዚያው ተቀበሉ። ቶምቦላ ካሰባችሁ ቲኬት ከማሳተማችሁ በፊት የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ፦ የአንድ መማሪያ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። ክፍሉ 8 ሜትር በ7 ሜትር ነው። ስንት ቆርቆሮ እንለምን? አንዱ 40 ይበቃል ይላል፣ አንዱ 70። (የወላጆች ተወካይ፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ)

መልስ፦ ቆርቆሮው 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 52 ይበቃል፤ ለሚበላሽ 3 ጨምሩና 55 ለምኑ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ቆርቆሮ በጎን 10፣ በርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ የሚሸፍነው 80 ሳንቲ ሜትር በ1.85 ሜትር ነው። ጣሪያው በሁለት ወገን የተዳፋ፣ የአንዱ ወገን ርዝመት ከነክፈፉ (ከግድግዳው አልፎ ከሚወጣው ጋር) 4.3 ሜትር ነው እንበል። ሁለት ሙሉ ቆርቆሮ አንዴ ብቻ ስለሚደራረብ 3.85 ሜትር ይሸፍናል፤ የቀረውን 45 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍነው ከነመደራረቢያው 60 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ነው፤ ከአንድ ቆርቆሮ ሦስት ቁራጭ ይወጣል። ወደ ጎን በሁለቱ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ከተዋችሁ ርዝመቱ 8.9 ሜትር ይሆናል፤ የመጨረሻው ጫፍ ስለማይደራረብ ልክ 11 መደዳ ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን 22 ሙሉና 4 የሚቆረጥ፣ በድምሩ 26። አናጺው ክፈፉን 50 ካደረገው ግን 12ኛ መደዳ ይመጣና ድምሩ 56 ይሆናል። ለ10 ሳንቲ ሜትር ጥላ 4 ቆርቆሮ ማውጣት ነውና ልኩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የአናቱ ክዳን ለብቻው ይታሰባል።

ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) በአንድ ወገን 6 መደዳ ቢሆን፣ በየ90ና 95 ሳንቲ ሜትር ይመታል፣ ወደ አናቱ ያለው የመጨረሻው ክፍተት ብቻ ይጠባል፤ መደራረቢያው የግድ ሞራሌ ላይ ማረፍ አለበት። 6 መደዳ በ8.9 ሜትር፣ ለሁለቱም ወገን ወደ 107 ሜትር ይመጣል። ባለ 4 ሜትር ከሆነ ከነመቀጠያው 30 ያዙ። ምስማሩ ባለጎማ ሆኖ በቆርቆሮው ሞገድ አናት ላይ ይመታ እንጂ በጎድጓዳው አይመታ። አዲስ ተከድኖ በመጀመሪያው ክረምት የሚያፈስ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ውኃው የሚወርደው በጎድጓዳው ነዋ። አሮጌውን እንጨት ሳታዩም አዲስ ቆርቆሮ አትምቱበት፤ ምስጥ የገባበትን በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ።

የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ጌጅ 28 ከ32 ይወፍራል፣ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ሁሉም ነጋዴ ለአንድ ዓይነት ጌጅ ዋጋ እንዲሰጥ አድርጉ፤ እንዲያ ካልሆነ ረከሰ ያላችሁት የሳሳው ይሆናል። ዋጋው የሚጸናበትን ቀንም አስጽፉ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በአሮጌ ፕሮፎርማ ተማምኖ መዋጮ መጥራት ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀራል። ሲሚንቶ የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራው ሊጀመር ሲል ብቻ ግዙ፤ ወራት ተከማችቶ እርጥበት ካገኘው ይጠጥራል። ሥራው ግንቦት ሳይወጣ ይለቅ።

ጥያቄ፦ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ማመልከቻ እናስገባለን፤ መልሱ ሁሌ «በጀት የለም» ነው። (ከወልዲያ)

መልስ፦ ማመልከቻው መቼ ነው የገባው? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰኔ የሚደርስ ጥያቄ ድልድሉ ካለቀ በኋላ የመጣ ነውና «በጀት የለም» እውነት ይሆናል። የመሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ገና ሲዘጋጅ፣ በጥርና በየካቲት አስገቡ።

ሁለተኛው ችግር ማመልከቻዎቹ «ትምህርት ቤታችን ብዙ ችግር አለበት» ማለታቸው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ግን ቁጥር ይኑርበት። በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል የተቀመጠው ልክ 50 ተማሪ ነው፤ እናንተ ጋ 5ኛ ሀ ውስጥ 83 ከሆኑ ይህንኑ ጻፉ። የሴቶች መጸዳጃ ስንት ቀዳዳ እንዳለው፣ ስንት ተማሪ መሬት ላይ እንደሚቀመጥ ቁጠሩ። የኢንስፔክሽን ውጤቱን ርእሰ መምህሩን ጠይቁ፤ ከአራቱ ደረጃዎች የትኛው ላይ እንዳላችሁና በምን እንደቀነሳችሁ የጽሕፈት ቤቱ የራሱ ባለሙያዎች የጻፉት ነው። የራሳቸውን ወረቀት ማስተባበል ይከብዳቸዋል።

ሦስተኛ፣ ድርሻችሁን አስቀድሙ፦ «ግድግዳውን ሕዝቡ፣ ጣሪያውን ወረዳው።» የባንክ መግለጫና የወላጆች ጉባኤ የፈረመበት ቃለ ጉባኤ አያይዙ። ክፍል ስትጠይቁ የመምህር መደብም አብራችሁ ጠይቁ። ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ መምህር ሳይመደብለት መጋዘን የሆነ ክፍል ያሳዝናል፤ ሕዝቡም ሁለተኛ አያዋጣም። የመምህር ደመወዝና የመማሪያ መጽሐፍ የመንግሥት ድርሻ ናቸው፤ በመዋጮ መሸፈን ከጀመራችሁ በጀቱን ማንም አይጠይቅላችሁም።

ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝ። ግልባጩ ለዞኑ ትምህርት መምሪያና ለወረዳው ምክር ቤት ይድረስ፤ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። የቀበሌያችሁ ተወካዮች እነማን እንደሆኑ እወቁና ከጉባኤው በፊት ትምህርት ቤቱን እንዲጎበኙ ጋብዟቸው። 83 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ቁመው ይዩት።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምንኖር የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ነን። በጎፈንድሚ (በኢንተርኔት የመዋጮ ማሰባሰቢያ) ገንዘብ አሰባስበን 40 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልንልክ አስበናል።

መልስ፦ ሐሳባችሁ ደግ ነው፤ ከመጫናችሁ በፊት ግን ትምህርት ቤቱ ምን እንደጎደለው በጽሑፍ ጠይቁ። 40 ዴስክቶፕ ከነስክሪናቸው እያንዳንዳቸው 150 ዋት ቢወስዱ 6,000 ዋት ነው፤ ለጥቂት አምፖል የተዘረጋ መስመር አይችለውም። ላፕቶፕ በ50 ዋት ቢታሰብ 2,000 ይወርዳል። አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። አንዳንድ አሮጌ ዴስክቶፖች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ አላቸው፤ በ115 እንዳለ ከተሰካ እዚያው ይቃጠላል። የቀረጥ ነጻ ጉዳይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጋር ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ይለቅ፤ ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ እዚያው አገር ቤት ዴስክ ማሠራትና ማጣቀሻ መጻሕፍት መግዛት ያዋጣል።

በጎፈንድሚ የተሰበሰበ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይወጣም፤ እዚያው አሜሪካ ያለ ሰው ወይም ድርጅት ተቀብሎ መላክ አለበት። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፦ ከ10 ዶላር 59 ሳንቲም፣ ከ100 ዶላር 3.20። ስለዚህ 10 ዶላር አሥር ጊዜ ከመስጠት 100 አንድ ጊዜ መስጠት ይሻላል። ለጋሾቻችሁ ከግብር እንዲቀነስላቸው ከፈለጉ ገንዘቡ 501 ሲ 3 የሚባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ዕውቅና ላለው ድርጅት መሰጠት አለበት፤ በግለሰብ ስም ለተከፈተ ገጽ የተሰጠ አይቀነስም። ራሳችሁ ከማቋቋማችሁ በፊት ዕውቅናው ያለው ማኅበር ጥላ ሊሆናችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ መዋጮ ካልከፈልሽ አይመዘገብም ተባልኩ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ አልቻልኩም። (አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጁ መመዝገብ አለበት። መዋጮ በወላጆች ጉባኤ ተወስኖ በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ የመመዝገቢያ ዋጋ አይደለም። መጀመሪያ ርእሰ መምህሩን ውሳኔው ያለበትን ቃለ ጉባኤ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ካልሆነ ለኅብረቱ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎም ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀኑንና ያነጋገረዎትን ሰው ኃላፊነት ይጥቀሱ። የከፈሉት ገንዘብ ካለ ደረሰኙን ይያዙ፤ ካልተሰጠዎት አልተሰጠኝም ብለው ይጻፉ። መርዳት ከፈለጉ በጉልበት ሊያግዙ ይችላሉ፤ ጉባኤውም አቅም ለሌላቸው ይህን በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር መልካም ነው። ትምህርት ቤቱ ለጽዳትና ለጥበቃ ገንዘብ አጥሮት ከሆነ የግቢውን ሣር በጨረታ መሸጥ፣ አዳራሹን ለሰርግ ማከራየት ይችላል፤ የልጅን ስም ከመዝገብ ከማስቀረት ይህ ይቀላል።