አገረ ገዥ፣ እንደራሴ ወይስ ርዕሰ መስተዳድር?

ጥያቄ፦ ስለ አርጀንቲና ታሪክ የሚያወሳ መጽሐፍ ከስፓኝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ጎቤርናዶር» የሚለውን ቃል በየገጹ «አገረ ገዥ» ብዬው ነበር። አርታኢዬ ግን «ቃሉ የንጉሡን ዘመን ያስታውሳል፤ የዛሬ አንባቢ የሚያውቀው ርዕሰ መስተዳድር ነው» ብላ ከዳር እስከ ዳር ለወጠችው። «ኢንቴንዴንቴ»፣ «ካውዲዮ» እና «ኢንተርቬንቶር» ላይ ደግሞ ሁለታችንም ተቸግረናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «አገረ ገዥ»ን ወደ ቦታው ይመልሱት። የአርታኢዎ ስጋት መነሻ አለው፤ «አገረ ገዥ» ሲባል ብዙ አንባቢ የሚታየው ከዙፋን የተላከ ሹም ነው። ይህን የሚያርመው ግን አጠገቡ ያለው ግስ ነው፤ ስሙ ባለበት ይቆይ።

ስፓኝኛ «ጎቤርናዶር»ን ከ16ኛው መቶ ዘመን እስከ ዛሬ አልጣለውም (ዓመቶቹ ሁሉ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ አንድ ስም የተጠሩት ሰዎች ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም፦ የስፔን ንጉሥ ሾሞ የላከው፣ የቦነስ አይረስ መንግሥት የሾመው፣ በፈረሰኛ ጦሩ ብርታት ወንበሩን የያዘው፣ ምክር ቤት የመረጠው፣ ወታደራዊ መንግሥት ያስቀመጠው፣ ሕዝብ በቀጥታ ድምፁን የሰጠው፣ ሁሉም «ጎቤርናዶር» ናቸው። አማርኛ ደግሞ ይህን ልዩነት በግስ ለመያዝ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ተሾመ» ካልን ሿሚ አለ። «ተሻረ» ካልን የሰጠው እጅ መልሶ ነሣ ማለት ነው፤ «ሹም ሽር» የሚለው አነጋገራችንም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። «ተመረጠ» ካልን መራጭ አለ፤ «ወንበሩን ያዘ» ካልን ጉልበት አለ። ስለዚህ ጽሑፉን ሲያርሙ «ጎቤርናዶር» የሚለው ቃል ያለበትን ቦታ ሁሉ ከነዓመቱ ለይተው ያውጡ፤ በየአንዳንዱ አጠገብ «ወንበሩን ማን ሰጠው?» ለሚለው መልሱን በአንድ ቃል ይጻፉ፤ ከዚያ ግሱን ብቻ ያስተካክሉ። በኮምፒውተር «ፈልገህ ተካ» ብሎ አንድን ስም በሌላ መለወጥ ይህን ሥራ አያስቀርም፤ እንዲያውም ስሕተቱን በየገጹ ያባዛዋል።

«ርዕሰ መስተዳድር» የማይስማማው ቃሉ ስለከፋ አይደለም። በእኛ አገር የክልል ርዕሰ መስተዳድር በክልሉ ምክር ቤት የሚሰየም፣ ተጠሪነቱም ለዚያ ምክር ቤት የሆነ ሰው ነው። የዛሬው የአርጀንቲና አገረ ገዥ ግን ለ4 ዓመት በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ ይመረጣል፤ የምክር ቤቱ ድምፅ አላስቀመጠውም። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አርጀንቲና 23 ክፍለ ሀገሮችና አንድ ራሱን የቻለ ከተማ፣ ማለትም ቦነስ አይረስ፣ አላት። የዚህ ከተማ መሪ ከ1996 ጀምሮ የሚጠራበት ማዕረግ «ሄፌ ዴ ጎቢየርኖ» ነው፤ ቃል በቃል «የመስተዳድር ራስ»፣ በግእዙ አካሄድ «ርዕሰ መስተዳድር» ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ለአገረ ገዥዎቹ ካዋላችሁት ለእውነተኛ ባለቤቱ የሚተርፍ አይኖርም። ለብዙኃኑ ሲጽፉ ደግሞ «ርዕሰ መስተዳድሮች» ወይም «ርዕሳነ መስተዳድር» ይበሉ፤ «ርዕሳነ መስተዳድሮች» ብዙ ቁጥርን ሁለት ጊዜ ይደርባል። «አገረ ገዥ» ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ሹሙ ያለው በኋለኛው ቃል ስለሆነ «አገረ ገዥዎች» ይበቃል። «ገዥ» እና «ገዢ» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ከ«ያዘ» «ያዥ» እንደሚወጣ ከ«ገዛ» «ገዥ» ይወጣል። አንዱን ይዘው እስከ መጨረሻው ይዝለቁ።

አሁን ወደ ቅኝ ግዛቱ ዘመን እንግባ፤ አደጋው የሚበዛው እዚህ ነው። ቦነስ አይረስ በ1580 ሁዋን ዴ ጋራይ ዳግመኛ ከቆረቆራት በኋላ በንጉሥ በተሾሙ አገረ ገዥዎች ትተዳደር ነበር፤ በአሱንሲዮን የተወለደው ኤርናንዳሪያስ ከእነሱ መካከል በአሜሪካ ምድር የተወለደ የመጀመሪያው ነው። የበላያቸው ሊማ የተቀመጠው የፔሩ «ቢሬይ» ነበር። በ1776 የሪዮ ዴ ላ ፕላታ ምድር የራሱ ቢሬይ ተሰጠው፤ የመጀመሪያው ፔድሮ ዴ ሴባዮስ ነው። «ቢሬይ»ን «ምክትል ንጉሥ» ብለው የተረጎሙ አይቻለሁ። ይህ ንጉሡ ሲታመም የሚተካ ሰው ያስመስለዋል። አማርኛ ከዚህ የተሻለ ቃል ከጥንት አለው፦ «እንደራሴ»። ቃሉ ራሱ የንጉሡ አንደበት ነው፤ «እንደ ራሴ የሆነ» ማለት። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቆራኝ አሥመራ የተቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል የተጠራውም በዚሁ ስም ነው። «የሕዝብ እንደራሴ» ከሚለው የፓርላማ አጠራር እንዳይምታታ በመጀመሪያው ቦታ «የንጉሡ እንደራሴ» ብለው ይጻፉት።

ታናናሾቹ ሹማምንት ላይ ወታደራዊ ማዕረግ የሚመስሉ ቃላት ያሳስታሉ። «ቴኒየንቴ ዴ ጎቤርናዶር»ን «መቶ አለቃ» ያለ ሰው ተሳስቷል፤ «ቴኒየንቴ» እዚህ ቦታ ያዥ ማለት ነው፤ አገረ ገዥው በሌለበት ከተማ ተቀምጦ የሚያስተዳድር ወኪል። ለዚህ «ምስለኔ» ልክ ይመጣል፤ ከ«ምስለ እኔ» የወጣ፣ የ«እንደራሴ» ታናሽ ወንድም የሆነ ቃል ነው። «ምክትል አገረ ገዥ»ን ለዛሬው «ቢሴጎቤርናዶር» ያስቀምጡት፤ እሱ ከአገረ ገዥው ጋር የሚመረጥ ነው። እንዲሁም «ጎቤርናዶር ኢ ካፒታን ሄኔራል» «ሻምበል» የለበትም፤ «አገረ ገዥና የጦር የበላይ አዛዥ» ነው።

«ኢንቴንዴንቴ» በዘመን ይለያያል። በ1782 የወጣው የንጉሥ ሥርዓት ግዛቱን በኢንቴንዴንሲያዎች ከፈለው፤ የየአንዳንዱ መሪ «ጎቤርናዶር ኢንቴንዴንቴ» ተባለ። አራት ሥራዎች ተሰጡት፦ ፍትሕ፣ ግምጃ ቤት፣ ጦር እና «ፖሊሲያ»። ይህን የመጨረሻውን «ፖሊስ» ብለው እንዳይተረጉሙት አደራ፤ በዚያ ዘመን አነጋገር የከተማ ጽዳትን፣ መንገድን፣ ገበያን፣ እርሻንና ሙያን ማስተካከል ነው። «የአገር ልማትና ሥርዓት» ቢሉት ይቀርባል። የሶብሬሞንቴ ጉዳይ ደግሞ ቃላቱን ለምን መለየት እንዳለብን ያሳያል። ይህ ሰው በ1783 በኮርዶባ ጎቤርናዶር ኢንቴንዴንቴ ሆኖ ጀመረ፤ በ1804 ቢሬይ ሆነ። ሁለቱን ማዕረጎች በአንድ የአማርኛ ቃል ካፈሰሱ ሰውየው 20 ዓመት ያህል አንድ ቦታ የቆየ ይመስላል፤ እድገቱ ከገጹ ላይ ይጠፋል። ዛሬ በአርጀንቲና «ኢንቴንዴንቴ» ማለት የከተማ ከንቲባ ነው፤ ያለ ማመንታት «ከንቲባ» ይበሉት። ጎረቤት ቺሌ ስትሻገሩ ግን ተጠንቀቁ፦ እስከ 2021 ድረስ እዚያ ኢንቴንዴንቴው በፕሬዚዳንት ተሹሞ ሬጅዮኑን የሚመራ ነበር፤ ጎቤርናዶሩ ደግሞ ከሥሩ ያለች ፕሮቪንሲያ ሹም ነበር። ቅደም ተከተሉ ከአርጀንቲናው የተገለበጠ ነው።

ግሱ የሚፈተንበት ቦታ የነጻነት ጦር መሪው የሳን ማርቲን ታሪክ ነው። በ1813 መጨረሻ ሜንዶሳ፣ ሳን ሁዋንና ሳን ሉዊስ ከኮርዶባ ተለይተው ኩዮ የሚባል ኢንቴንዴንሲያ ሆኑ። በኦገስት 1814 የአገሪቱ የበላይ መሪ ፖሳዳስ ሳን ማርቲንን በኩዮ አገረ ገዥነት ሾመው። በ1815 መጀመሪያ ፖሳዳስን የተካው አልቬአር ፔርድሪየል የሚባል ሰው በቦታው ሾሞ ላከ። የሜንዶሳ ሕዝብና የከተማዋ ሸንጎ፣ ካቢልዶ፣ «አንቀበልም» አሉ። አልቬአር በኤፕሪል ሲወድቅ ካቢልዶው ራሱ ሳን ማርቲንን አገረ ገዥ አድርጎ መረጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ሰው፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ማዕረግ፣ አንዴ ተሹሞ፣ አንዴ ተሽሮ ሳይነሣ ቀርቶ፣ አንዴ ተመርጧል። በጃንዋሪ 1817 አንዲስን የተሻገረውን ጦር ያሰናዳው በዚህ ወንበር ላይ ሳለ ስለሆነ ምዕራፉ በመጽሐፍዎ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። «ሳን ማርቲን የኩዮ ርዕሰ መስተዳድር ሆነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ይውጠዋል። በዚያው በ1815 በሰሜኗ ሳልታ ጉዌሜስ የሚባል የጦር መሪ አገረ ገዥ ሲሆን የቦነስ አይረስ ሹመት አልነበረውም፤ እዚያም «ተሾመ» ማለት አይቻልም።

በፌብሩዋሪ 1820 በሴፔዳ ጦርነት ማዕከላዊው መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ክፍለ ሀገሮቹ የየራሳቸውን አገረ ገዥ ይዘው ቀሩ። የካውዲዮዎቹ ዘመን የሚባለው ይህ ነው። «መስፍን» ማለት ያጓጓል፤ የእኛ ዘመነ መሳፍንት ይታወሳልና። አይበሉት። መስፍንነት የዘር ማዕረግ ነው፤ የአርጀንቲና ጉባኤ ግን በ1813 የመኳንንት ማዕረጎችን ሽሯል። «የጦር አበጋዝ» ዛሬ በዜና ቋንቋ ሕግ የለሽ ታጣቂ መሪን ስለሚጠራ እሱም ይበዛል፤ የሳንታ ፌው ኤስታኒስላኦ ሎፔስ ከ1818 እስከ 1838 ውል የፈረመና ክፍለ ሀገሩን በሥርዓት ያስተዳደረ ሰው ነበር። ካውዲዮነት የሥልጣን ማዕረግ አይደለም፤ ሰው በግሉ የሚያስከትለው ጭፍራና ክብር ነው። ፋኩንዶ ኪሮጋ በ1823 ለጥቂት ወራት ብቻ የላ ሪዮሃ አገረ ገዥ ነበር፤ ከዚያ በኋላም እስከ ሞተበት እስከ 1835 ድረስ በዚያ ምድር የሚሰማው ቃል የእሱ ነበር። ስለዚህ «ካውዲዮ»ን እንዳለ ይውሰዱት፤ መጀመሪያ ሲመጣ «ጭፍራ አስከትሎ አገር የሚያሳድር የአካባቢ መሪ» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ይሄዳል።

ሮሳስ ላይ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ «ፕሬዚዳንት» አልነበረም። ከ1829 እስከ 1832፣ ደግሞም ከ1835 እስከ 1852 ማዕረጉ የቦነስ አይረስ አገረ ገዥ ነው፤ የውጭ ጉዳይን ግን በሌሎቹ ክፍለ ሀገሮች ውክልና ይዞ ነበር። ሁለተኛ፣ በ1835 የተሰጠው «ሱማ ዴል ፖዴር ፑብሊኮ» «ባለሙሉ ሥልጣን» ተብሎ ሲተረጎም አምባሳደር ያስመስለዋል። «የመንግሥትን ሥልጣን ጠቅልሎ» ይበሉት። ይህ ሐረግ እንደገና ይመጣል፤ በ1852 በካሴሮስ ጦርነት የኤንትሬ ሪዮሱ አገረ ገዥ ኡርኪሳ ሮሳስን ድል ካደረገ በኋላ የተጻፈው የ1853ቱ ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 29፣ ምክር ቤቶች ለፕሬዚዳንቱም ሆነ ለአገረ ገዥዎች ይህን መሰል ሥልጣን እንዳይሰጡ በአገር ክህደት ደረጃ ከልክሏል። በሁለቱም ቦታ አንድ አተረጓጎም ካልተጠቀሙ አንባቢ ክልከላው በማን ምክንያት እንደመጣ አያይም።

ያው ሕገ መንግሥት ዛሬ አንቀጽ 128 በሆነው ቦታ አገረ ገዥዎችን «አሄንቴስ ናቱራሌስ» ይላቸዋል። «የተፈጥሮ ወኪሎች» ብሎ ነገር የለም፤ «ሌላ ሹመት ሳያስፈልጋቸው የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አስፈጻሚ ወኪሎች» ማለት ነው። አንቀጽ 122 ደግሞ ክፍለ ሀገሮች አገረ ገዥዎቻቸውን ያለ ፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ ገብነት እንደሚመርጡ ይደነግጋል። እዚህ «ተሾመ» ማለት ሕጉን መቃረን ነው።

ከዚህ ግን አንድ ትልቅ ክፍተት ይወጣል። በ1884 የወጣው ሕግ ቁጥር 1532 ፓታጎንያንና ቻኮን ጨምሮ ዘጠኝ «ቴሪቶሪዮ» አቋቋመ። የእነዚህም መሪዎች «ጎቤርናዶር» ይባላሉ፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ከሴኔት ጋር ተስማምቶ ለ3 ዓመት የሚሾማቸው ናቸው። የቹቡት የመጀመሪያው አገረ ገዥ ሉዊስ ሆርሄ ፎንታና ከእነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ነው «ፕሮቪንሲያ»ን «ክፍለ ሀገር»፣ «ቴሪቶሪዮ»ን «ግዛት» እንዲሉ የምመክረው፤ ሁለቱንም «ግዛት» ካሉ በ1880ዎቹ ገጽ ላይ ይጠላለፋሉ። «ግዛት» ከ«ገዛ» ስለወጣ ሌላ የሚገዛውን ምድር መጥራቱ ይስማማዋል። ቻኮና ላ ፓምፓ በ1951፣ ሚስዮኔስ በ1953፣ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ በ1990 ክፍለ ሀገር ሆነዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ «ተሾመ» ወደ «ተመረጠ» ይዞራል። ከ1976 እስከ 1983 ባለው ወታደራዊ ዘመን ግን በአገሪቱ ሁሉ ወደ «ተሾመ» ይመለሳል።

«ኢንተርቬንቶር» ቀላል ነው። አንቀጽ 6 ፌዴራሉ መንግሥት በክፍለ ሀገር ጣልቃ የሚገባበትን ሁኔታ ይዘረዝራል፤ በ1991 በቱኩማንና በካታማርካ፣ በ2004 በሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ ሆኗል። የሚላከው ሰው «ጣልቃ ገብ» ከተባለ ስድብ ይመስላል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 359/1995 ዓ.ም. ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ «ጊዜያዊ አስተዳደር» የሚለውን ስላስለመደን «የፌዴራሉ ጊዜያዊ አስተዳዳሪ» ያስኬዳል። የወረደው አገረ ገዥ ግን «ተሻረ» አይባልም፤ ፕሬዚዳንቱ አልሾመውምና «ከሥልጣን ተነሣ» ነው።

ስሞቹን በእንግሊዝኛ ንባብ አይጻፉ። ሰሜናዊው ክፍለ ሀገር «ሁሁይ» ነው፤ «ጁጁይ» አይደለም። «ኪሮጋ» እና «ኡርኪሳ» ውስጥ «ኩዊ» አይሰማም፤ «ጉዌሜስ» ውስጥ ግን «ዌ» ይሰማል፣ በስፓኝኛው ፊደል ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች የተቀመጡት ለዚሁ ነው።