«ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ አይደለም ወይ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በቪዲዮ ኤዲተርነት የምሠራ ወጣት ነኝ፤ ማስታወቂያና የዘፈን ክሊፕ እሠራለሁ። ብዙ ደንበኞቻችን ከሚሸጡት ዕቃ ጋር ምንም የማያገናኛት ሴት፣ ያውም ገላዋ እየታየ፣ እንድትገባ ይፈልጋሉ፤ ለጎማም ቢሆን፣ ለቀለምም፣ ለሴራሚክም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንዲህ ያለ ሥራ አልቀበልም፣ ዘፈንም አልሰማም። ከፋሲካ በኋላ ግን እንጀራዬ ነውና እመለሳለሁ። ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ነገር ግን ሴቶቹ ራሳቸው ፈቅደው፣ ተከፍሏቸው ነው የሚቀረጹት፤ እኔ አላራቆትኳቸውም። ታዲያ እኔ እጠየቃለሁ? የሴቶች አለባበስ ለእኛ ለወንዶች ፈተና መሆኑንስ ቤተ ክርስቲያን ለምን ጠንከር አድርጋ አታስተምርም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕሊናህ መውቀሱ እግዚአብሔር እንዳልተወህ ያሳያልና ዝም አታሰኘው። የጾሙንና የጸሎቱን ሥርዓት ታውቀዋለህ፤ አልመለስበትም። የምቆየው በመጨረሻው ጥያቄህ ላይ ነው። ስለ ዓይን ንጽሕና ባስተማርኩ ቁጥር ከጉባኤው በኋላ የሚከቡኝ ወንድሞች እርሱኑ ይጠይቁኛል። ነገሩ «ዓይኔን እንዴት ልጠብቅ?» ብሎ ይጀምርና ጥቂት ሳይቆይ ወደ እርሷ ቀሚስ ይዞራል።

ጌታችን «ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም ያን ጊዜ በልቡ ከእርስዋ ጋር አመንዝሮአል» አለ (ማቴ. 5፥28)። ቀስ ብለህ አንብበው። ያየው ማን ነው? የተመኘውስ? ዝሙቱ የተፈጸመው በማን ልብ ውስጥ ነው? ሴቲቱ በዚህ ቃል ውስጥ ምንም አላደረገችም፤ ምን እንደ ለበሰችም አልተነገረንም። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝም ቀኝ ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት የሚል ነው እንጂ ያሰናከለችህን ሴት ከፊትህ አርቃት የሚል አይደለም። መሰናክሉን ጌታ ያሳየን በእኛው ፊት ላይ፣ ከግንባራችን በታች ነው። ሴትም ወንድም በጨዋነት ይልበሱ ማለት ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ማስተማር አላቋረጠችም። ነገር ግን የእርሷን ልብስ ለዓይንህ መልስ አድርገህ በፍርድ ቀን ይዘኸው አትቀርብም።

ይህ አለመረዳት የሚያቆስለው ሰው አለ። በሰንበት ትምህርት ቤት የማውቃት ድምፀ መልካም እኅት ከመዝሙር ክፍል ድንገት ቀረች። ጠርቼ ብጠይቃት፣ «ወንድሞች በአንቺ እየተሰናከሉ ነው ተብያለሁ፤ ለሰው መውደቂያ ከምሆን ብዬ ነው» አለችኝ። ነጠላዋ ከራሷ እስከ ወገቧ ሸፍኗት፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ነበር ይህን የምትነግረኝ። እንደዚያ ቀን ያዘንኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ማስታወቂያ ሠሪው ሴትን ሲያይ ገላ ያያል። አብረዋት የሚዘምሩት ወንድሞቿም ገላ አዩ። አንዱ ሊሸጠው፣ ሌላው ሊሸሸው ነው፤ እርሷን ያያት ግን የለም።

በፈሪሳዊው በስምዖን ቤት የሆነውን አስብ። ሴቲቱ በጌታ እግር ሥር ታለቅሳለች፤ ስምዖን ደግሞ እንዴት ያለች ሴት እንደ ሆነች በልቡ ይመዝናታል። ጌታ ወደ እርሷ ዘወር ብሎ ስምዖንን የጠየቀው ጥያቄ አጭር ነበር፤ «ይህችን ሴት ታያለህን?» (ሉቃ. 7፥44)። ስምዖን እኮ ከእርሷ ላይ ዓይኑን አልነቀለም ነበር። ሲያያት ቆይቶ አላያትም።

አሁን ወደ ሥራህ ልምጣ። መጽሐፈ አስቴርን ስናነብ ወደ አስቴር ስለምንቸኩል የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናልፈዋለን። ንጉሡ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮችን ይገዛ ነበር። የመንግሥቱን ሀብት ለሹማምንቱ ሲያሳይ 180 ቀን ከረመ፤ ከዚያም ለሱሳ ሕዝብ የ7 ቀን ግብዣ አደረገ። መጋረጃው ታየ፤ የወርቁ አልጋ ታየ፤ የከበረው ወለልና የወርቁ ዋንጫ ታየ። በሰባተኛው ቀን፣ የወይን ጠጁ ልቡን ደስ ሲያሰኘው፣ ያልታየ አንድ ነገር ትዝ አለው። ንግሥት አስጢን ዘውዷን ደፍታ ትምጣና ውበቷ ለሕዝቡና ለአለቆቹ ይታይ አለ፤ ከዋንጫው ቀጥላ ማለት ነው። እርሷም አልመጣም አለች። አስጢንን የትዕቢት ምሳሌ አድርገው የሚሰብኩ ወንድሞችን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ምዕራፉን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ጠጥቶ ሚስቱን ከዕቃው ጋር የቆጠረ ሰው ነው፤ እምቢታዋንም ልወቅስባት አልችልም።

የቢራ ማስታወቂያ ያንኑ ግብዣ ለዓመታት በየሳሎናችን ሲደግሰው ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ ደስ አለኝ። ጠርሙሱ ከስክሪኑ ወረደ። ዓይኑ ግን አልተለወጠም፤ አንተ እንደ ነገርከኝ ጎማና ቀለም መሸጫ ሆነ።

አባቶቻችን ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይሉናል፤ ታስተውላለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች። ሰው የሥላሴ አምሳል መሆኑን የምናውቀው በዚህ ነው። አንተ የምትሠራውን ቪዲዮ በዚህ መዝነው። ሴቲቱ አንዲት ቃል አትናገርም፤ ስለ ዕቃው የሚናገረው ከጀርባ የሚሰማው የወንድ ድምፅ ነው። ስለ ጎማው የምታውቀው ነገር እንዲኖር አይፈለግም። ካሜራው ከእግሯ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣና ፊቷ ጋ ሳይደርስ ይቆረጣል። የቆረጥከው አንተ ነህ። የሚያስተውለውንና የሚናገረውን አስቀርተህ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ለገበያ አወጣህ። እንግዲህ አላራቆትኳትም አትበለኝ፤ ልብሷን ሌላ ሰው አውልቆት ይሆናል፣ ሰውነቷን ግን በጠረጴዛህ ላይ አንተ ገፈፍካት።

«ፈቅዳ ነው፣ ተከፍሏት ነው» ብለሃል። ነቢዩ አሞጽ እስራኤልን ድሃውን በአንድ ጥንድ ጫማ ስለ ሸጡ ይከሳቸዋል (አሞ. 2፥6)። ድሃው ተስማምቶ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ክሱ በሻጩ ላይ ነው። ስለ ፈቃዷ እርሷ ከፈጣሪዋ ጋር ትነጋገራለች፤ የቤት ኪራይ ይሁን፣ የታናናሾቿ ትምህርት፣ ወይም ስም የማግኘት ጉጉት፣ እርሱ ያውቃል። አንተ የምትጠየቀው ስለ እጅህ ሥራ ነው።

ስለ ጾሙ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ፤ ከበደህም ታገሠኝ። በሁዳዴ እንዲህ ያለውን ሥራ ትተህ በፋሲካ ማግሥት ስትመለስ ሴት ልጅን ከምን ጋር እንደ ቆጠርካት አስተውለሃል? ከሥጋና ከቅቤ ጋር። ሥጋና ቅቤ በራሳቸው ንጹሕ ስለሆኑ ነው ከጾም በኋላ የሚመለሱት። እኅትህን ማዋረድ ግን የሚፈሰክበት ቀን የለውም።

ጉዳቱ በወንዱ ዓይን ላይም አይቀርም። ያን ምስል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ታየዋለች። ሰው ሆና ከመታየት በፊት ተፈልጋ መታየትን ትማራለች፤ በመስታወት ፊት ራሷን በገዢ ዓይን ማየት ትጀምራለች፤ እግዚአብሔር የሰጣትን የቆዳ ቀለም ለማንጣት ቅባት ትፈልጋለች። እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ እኔ መጥተው ያለቅሳሉ። ከራሳቸው ጋር መታረቅ ያቃታቸው ልጆች ናቸው። ለእነርሱ «በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥራችኋል» ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም፤ አንድ ሰዓት የማስተምረውን ሠላሳ ሴኮንድ ያፈርሰዋልና።

ምን ላድርግ ትለኛለህ። ሴት በማስታወቂያ አትታይ አላልኩህም። ሴራሚክ ከሆነ የሚያነጥፈውን ባለሙያ አሳይ፤ በየግንባታው ሲሚንቶና ድንጋይ የምትሸከመውን ሴት በክብሯ አሳይ፣ ትናገርም። ደንበኛህን በቅድሚያ በአክብሮት አነጋግረው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ የሰውን ክብር የሚነካ ምስል እንደሚከለክልም ንገረው፤ ስብከት የማይሰማ ነጋዴ ሕግ ይሰማል። እምቢ ካለ ሥራውን ተወው። ገንዘብ ይቀርብሃል፤ አይቀርብህም ብዬ አልዋሽህም። ወዲያው ሌላ ሥራ ካላገኘህም ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከሩና ቀን ቁረጡለት፤ «እስኪሞላልኝ» የሚባል ቀጠሮ ግን አይሁን።

እስከዚያ ድረስ በፊትህ ያለውን ሰው ማየት ተለማመድ። ከዚህ በፊት በሠራሃቸው ቪዲዮዎች ውስጥ ያሉትን ሴቶች ስም ታውቃለህ? የምታስታውሰውን በጸሎትህ ጥራ፤ ያላወቅኸውንም እግዚአብሔር ያውቀዋልና «እኅቴን» ብለህ ለምንላት። ወደ ንስሐ አባትህ ስትሄድም እንደ ሌላው ጊዜ «በዓይኔ በደልኩ» ብለህ ብቻ አትመለስ። «ፊቷን ቆረጥኩ» ብለህ ጀምር።