ልጄን «ጤዛ» ልበላት ብዬ አማቴ አኮረፉ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 52 ቀኔ ነው። ምጥ የጀመረኝ የባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ጣርማ በር አካባቢ ሳለን ነበር። ጊዜው የመስከረም መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ ነው። አስፋልቱ ድረስ እየተደገፍኩ በእግር ወረድን። ሣሩ ሁሉ ጤዛ በጤዛ ሆኗል። ባለቤቴ ሆስፒታል የገባው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነው። ልጄ ጎህ ሲቀድ ተወለደችና እዚያው «ጤዛ» አልኳት። እሱም ደስ አለው። አማቴ ሲሰሙ ግን «ፀሐይ ሲወጣ የሚረግፍ ነገር ለልጅ ስም ይሆናል?» ብለው ተቆጡ። እሳቸው «ምትኬ» ነው የሚሏት። (ከባለቤቴ በፊት በልጅነቷ የሞተችባቸው ሴት ልጅ ነበረች ይባላል።) አሁን ሊያርሱኝ መጥተው እቤቴ ናቸው፤ ግን አያናግሩኝም። ገንፎውን አስቀምጠውልኝ ይወጣሉ። ባለቤቴ «እናንተው ተስማሙ» ይላል። ስሙን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

ስሙን እኔ ወድጄዋለሁ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የአማትሽን ወገን ስይዝ እንዳይከፋሽ። ከቃል ስም ማውጣት ደግሞ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ዝናብ ሲጥል የተወለደችውን «ዘነበች» ስንል ኖረናል። እናንተ አገር ደግሞ፣ አንጎለላ ላይ ዐፄ ምኒልክን የወለዱት እናት ስማቸው እጅጋየሁ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ለተማሪዎችሽ ሰዋስው ማስተማሪያ ይሆንሻል። የምትኖሪባት ከተማም ብትሆን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ሰማይ ላይ ታየ ከተባለ ብርሃን ነው ስሟን ያገኘችው።

ግን አማትሽ ቃሉን አላጣመሙትም። ጤዛ አማርኛ ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ «ረገፈ» የሚል ግሥ ይከተለዋል። አንቺ ጤዛ ስትዪ የባለቤትሽ የራሰ ሱሪ ይታይሻል። እሳቸው ግን ቃሉን ለቅሶ ቤት ነው የሚያውቁት። ስለ አጭር ዕድሜ ሲወራ የሚጠራ ቃል ነው።

ከደብዳቤሽ ደጋግሜ ያነበብኩት በቅንፍ ያስገባሻትን መስመር ነው። «ነበረች ይባላል» ብለሽ አለፍሽ። ለኔ ግን ጠቡ ያለው እዚያ ቅንፍ ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን ልጅ የሞተባት እናት ብዙ እንድታለቅስ አይፈቀድላትም ነበር። «አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ፤ እግዜር ይተካልሽ» ትባላለች። ከዚያ እንስራዋን አንሥታ ውኃ ትወርዳለች። የቋንቋ ሰው ስለሆንሽ ልብ በይ፦ «ምትኬ» የመጣው «ይተካልሽ» ከመጣበት ከዚያው ግሥ ነው። አማትሽ ለልጅሽ ስም ያወጡላት ይመስልሻል። ያ ይተካል ተብለው የጠበቁት ነገር ዛሬ ደረሰልኝ ያሉ ነው የሚመስለኝ። ያ የተተካ ነገር አሁን «ረጋፊ» ሲባል ሰሙ። እንኳን ማኩረፍ!

ይህ ማለት ግን «ምትኬ» በያት ማለቴ አይደለም። ምትኬ፣ ካሣ፣ ማስረሻ ተብለው በሰላም የኖሩ ሰዎች ሞልተዋል፤ ስሙ ራሱ በሽታ አይደለም። በሥነ ልቦና ሙያችን «ምትክ ልጅ» የምንለው ችግር የሚመጣው ስሙን ተከትሎ ሌላ ነገር ሲመጣ ነው። ልጅቷ የሟቿን ሕይወት ጭምር እንድትኖር ይጠበቅባታል። ወይም እንዳትሞት ተብሎ እንዳትኖር ትደረጋለች፦ ብርድ አይንካሽ፣ ደጅ አትውጪ፣ አትሩጪ። እስቲ ልጅቷ ስታስነጥስ የአማትሽን ፊት አስተውዪ። ያኔ የምልሽ ይገባሻል።

ምን ታደርጊ?

መጀመሪያ የማታደርጊውን ልንገርሽ። በእውቀት አትርቻቸው። መዝሙረ ዳዊት የወንድማማቾችን አብሮ መኖር በአርሞንዔም ጠል መስሎታል፤ ጠል ደግሞ ያው ጤዛ ነው፣ በረከት ነው። ይህን ይዘሽ እንደምትሄጂ ይታየኛል። ተዪው። እሳቸውም ከሆሴዕ 6 «በማለዳም እንደሚያልፍ ጠል» የሚለውን አንሥተው ይረቱሻል። መምህርት ለመሆን ሌላ ቀን አለልሽ።

ባለቤትሽን በሚመለከት አጭር ነው። «እናንተው ተስማሙ» መልስ አይደለም። እናትየዋ የሱ ናቸው፤ የሞተችውም እህቱ ናት። እሱ ዝም ባለ ቁጥር አንቺ እንግዳዋ፣ ስም ነጣቂዋ ትሆኛለሽ። ስሙን አብረን ነው የመረጥነው ብሎ በራሱ አፍ ይንገራቸው፤ አንቺ በሌለሽበት።

ጊዜ ደግሞ አላችሁ። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው፤ ገና 28 ቀን ይቀራል። የልደት ምዝገባውም እስከ 90 ቀን ነው። ዛሬ ማታ መወሰን የለባችሁም። ክርስትና ሲነሣ ቄሱ ወለተ ማርያምም ይበሏት ወለተ ሥላሴ፣ ሁለተኛ ስም ይኖራታል። ስለዚህ አንድ ልጅ በሁለት ሦስት ስም መጠራቷ አማትሽን አያስደንቃቸውም። ቤት ውስጥ የራሳቸው መጠሪያ ይኑራቸው፤ ከ«ምትኬ» ሌላ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሕፃናት አራት ወር ተኩል ሲሞላቸው የስማቸውን ድምፅ ከሌላ ቃል ይለያሉ። እስከዚያ ዋናው መጠሪያዋ ቢለይላት ጥሩ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ስሙን ከአባቷ ስም ጋር አድርገሽ፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደምትጠሪ ጮክ ብለሽ ጥሪው። አባቷ ለምሳሌ ፀሐዩ ቢሆን፣ «ጤዛ ፀሐዩ» ሲባል ክፍሉ እንዴት እንደሚስቅ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ገንፎው። ነገ አስቀምጠው ሊወጡ ሲሉ «እማማ፣ ትንሽ ይቀመጡ» በያቸው። ስለ ጤዛ አታንሺ። ስለዚያች ልጅ ጠይቂያቸው፤ ስንት ዓመቷ ነበር፣ ማንን ትመስል ነበር፣ ምን አሟት ነው። ምናልባት ያለቅሱ ይሆናል፤ አታባብያቸው፣ ያልቅሱ። ምናልባትም «ምን አስታወሰሽ?» ብለው ይቆጡ ይሆናል፤ እሱም ችግር የለውም፣ ሌላ ቀን ይመለሱበታል።

ስሟንም ጠይቂያቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ስም ይህን ያህል ተጽፎ፣ የሷ ስም የለም።