«ራስን መሆን» አማርኛ ነውን?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ በድርሰታቸው «ራሴን መሆን እፈልጋለሁ»፣ አንዳንዶቹም «እኔ ራሴን ነኝ» እያሉ ይጽፋሉ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ እንጂ የአማርኛ አነጋገር አይደለም ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ ውስጡና ውጪው አንድ የሆነን ሰው ምን እንበለው? «ራስ» ወይስ «እራስ» ብሎ መጻፍ እንደሚሻልም ቢገልጹልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ባልደረባዎ ስለ አነጋገሩ መነሻ የሚሉት እውነትነት አለው፤ በሰዋስው በኩል ግን ተማሪዎችዎ ሁሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። «ሆነ» የሚለው ግስ አብዛኛውን ጊዜ «መምህር ሆነ»፣ «ሀብታም ሆነ» እንደምንለው ያለ «ን» የሚነገር ቢሆንም፣ አንዱን ሰው በሌላው ቦታ ስናስቀምጥ ግን «ን»ን ይቀበላል። «እኔ አንተን ብሆን ኖሮ አልሄድም ነበር» የሚል ሰው ሰምቶ የሚገረም አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ራሴን ልሁን»፣ «ራስህን ሁን» የሚሉት በዚሁ መንገድ የሄዱ ስለሆኑ ሰዋስዋቸው ይቆማል። «ነው» እና ዘመዶቹ ግን እንዲህ ያለውን «ን» አይሸከሙም፤ «እኔ አንተን ነኝ» እንደማንል ሁሉ «ራሴን ነኝ»ም ሊታረም ይገባዋል። «ን»ን አንሥተው «እኔ ራሴ ነኝ» ቢያደርጉት ደግሞ በር አንኳኩቶ «ማነው?» የተባለ ሰው መልስ ይሆናል እንጂ የተማሪውን ሐሳብ አይናገርም።

የእኔ ቅሬታ በሰዋስዉ ላይ ሳይሆን በፍቺው ላይ ነው። «ራሱን ቻለ»፣ «ራሱን ገዛ»፣ «ራሱን ሳተ» ስንል እያንዳንዱ ግስ ሰውየው በራሱ ላይ ያደረገውን ወይም የደረሰበትን ነገር ይነግረናል። «ራሱን ሆነ» ግን የትኛውን ራሱን እንደሆነ አይነግረንም። ሰው የሚያዋርድ ተናጋሪ «እኔ ራሴን ነው የምሆነው» ብሎ ሊከላከልበት ይችላል፤ ቃሉም አይከለክለውም። መጠየቅ የነበረበት በልቡ ያለውና በአፉ የሚወጣው ይስማሙ እንደሆነ ነበር፤ ይህ አነጋገር ጥያቄውን አልፎት ይሄዳል።

አማርኛ ጉዳዩን የሚናገረው በሰውነት ክፍሎች ነው። ሆድ የተሸሸገ ነገር ማደሪያ ነው፤ «የሆዴን አጫወትኩት» እንላለን፣ ሊነገር ያልፈለግነውን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ልብ የሐሳብና የፈቃድ ወንበር ነው። አፍ፣ ምላስና ፊት ለሰው የሚታየው ወገን ናቸው። የሁለቱ ወገን ድንበር አንገት ነው፤ ስለዚህም ከውስጥ ያልመነጨውን ፍቅር «ከአንገት በላይ» ብለን፣ የመነጨውን «ከልብ»፣ «ከአንጀት» ብለን እንለያለን። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚለውም የሁለቱን መለያየት ያወግዛል። ዳዊት የደገሙ የጎንደር አባቶች በ27ኛው መዝሙር ከባልንጀራቸው ጋር ሰላምን እየተናገሩ በልባቸው ክፋትን የያዙ ሰዎች እንደተወገዙ ያውቃሉ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ግብዞች የሚወቀሱት «በውጭ» የሚታየው «በውስጥ» ካለው ስለተለየ ነው። ስለዚህ እርስዎ በጥያቄዎ የተጠቀሙበት «ውስጡና ውጪው አንድ የሆነ ሰው» የሚለው ሐረግ መጤ አይደለም፤ ሳይሰጉ ያስተምሩት። በዕለት ንግግር «አፉና ልቡ አንድ ነው» ቢሉ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ለአስመሳይ የሚሆን ስም በቋንቋችን ሞልቷል፤ ለተቃራኒው ግን ያሉን ቃላት ትርጉማቸው እየተንሸራተተ ነው። «የዋህ» ስንል በቀላሉ የሚታለል ሰው ማለት እየሆነ ሄዷል፤ «ግልጽ» የሚለውም አንዳንድ ጊዜ ያሰበውን ሁሉ ሳይመርጥ ለሚናገር ይሰጣል። ሳይጎድል የቆየው «ቅን» ነው፤ «ልበ ቅን» የሚለውን ተማሪዎችዎ እንዲለምዱት ብርቱ ምኞቴ ነው።

ተማሪዎች አብዝተው የሚስቱት ግን ጨዋነትን ከማስመሰል ጋር ሲደባልቁ ነው። እንግዳ ተርቦ ሳለ «ጠግቤያለሁ» ሲል፣ ባለቤቷም «በሞቴ» ብላ ስታጎርሰው፣ ሁለቱም ነገሩን ያውቁታልና የተታለለ የለም። ይህን «ይሉኝታ» እንለዋለን፤ ቃሉ «ይሉኝ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ የሌላውን ሰው አስተያየት በውስጡ ተሸክሟል። ይሉኝታ ሲበዛ ሰውን ከልቡ እንደሚያርቀው አልክድም፤ ነገር ግን የይሉኝታ ሰው ሌላ ነው፣ አስመሳይ ሌላ ነው። ሰምና ወርቅም እንዲሁ ነው። በጎንደር አድባራት ቅኔ ሲዘረፍ ወይም አዝማሪ በማሲንቆ ሲገጥም የሰሙ አንዳንድ ወጣቶች «አንድ ብሎ ሌላ ማለት ውሸት አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ስያሜው የመጣበትን የወርቅ አንጥረኛ ሥራ ማስታወስ ይበቃል፦ ሰሙ በተፈለገው ቅርጽ ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ከዚያም በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ባለቅኔው ሰሙን የሚያበጀው አድማጩ አቅልጦ ወርቁን እንዲያገኝ ነው፤ አስመሳይ ደግሞ ሰሙ እንዳይቀልጥበት ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተናጋሪው ፈቃድ ነውና በቃላቱ ብቻ ሊፈረድ አይገባም።

እንግዲህ «ራሴን መሆን እፈልጋለሁ» የሚለውን በቀይ አይሰርዙት፤ ይልቁንም በየትኛው ጊዜ፣ በማን ፊት፣ ልቡ ያላለውን ምን እንደተናገረ ተማሪው በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይጠይቁት። «አፌና ልቤ አንድ ነው» ብሎ ስለ ራሱ ቢጽፍ ግን ምስክርነቱ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ እንደሚያምር ይንገሩት፤ ስለ ራሱ ሲናገር «የሆዴን ልንገራችሁ» ማለት ይበቃዋል።

ስለ ጽሕፈቱ፦ ቃሉ ከግእዙ «ርእስ» ጋር ዝምድና ያለው ስለሆነ «ራስ» ብሎ መጻፍ ይመረጣል። በንግግር ከፊቱ የምትሰማው «እ» የአነባበብ ማቅለያ ናት፤ በደብዳቤና በጨዋታ ብትጻፍ ነውር የለባትም፤ በፈተና ወረቀትና በመጽሐፍ ላይ ግን ብትቀር ይሻላል።