ከግመሉ ሥር የቆረጥኩት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። የድሮ የግመል ሥዕል ነው። ጥቁር በነጭ የታተመ፣ ወረቀቱ ግን የሻይ ቀለም ይዟል። ከአያቷ ዕቃ መሃል ነው ያገኘችው። "ጋሼ፣ በምን ባጸዳው ነጭ ይሆንልኛል?" አለችኝ። መልሱ አጭር ነበር። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስለዚህ ለእሷም፣ ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ልጆችም አንድ ላይ ልጻፍ።

በ1979 ዓ.ም. ፒያሳ አንዲት ጠባብ ፍሬም ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እጄ ፈጣን ነበር፤ በፍጥነቴም እኮራ ነበር። ሐምሌ ሲመጣ የተመራቂዎች ፎቶ ይከመርብናል። አንዲት እናት ፍሬሙ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ጠብቀው፣ የልጃቸውን ፎቶ በነጠላቸው ጠቅልለው ሲወስዱት ዛሬም ይታየኛል።

በዚያው ሰሞን አንድ አዛውንት የእንስሳት ሐኪም ጥቅል ወረቀት ይዘው መጡ። የተማሩት ፈረንሳይ ነው። ሥዕሉን የገዙት ፓሪስ፣ ሴን ወንዝ ዳር በአረንጓዴ ሣጥን አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ሰዎች ነው። ቡፎን ከሚባለው ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ የወጣ፣ ባለ አንድ ሻኛ ግመል። ግመል ያለበት 11ኛው ቅጽ በ1764 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። የሳለው ዣክ ደ ሴቭ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ለመቼ ይድረስልዎት?"

የነበረን ፍሬም ትንሽ ጠበበ። አዲስ እንጨት ከመቁረጥ ወረቀቱን መቁረጥ ቀለለኝ። ማስመሪያ አስደግፌ አራቱንም ጎን በምላጭ ቆረጥኩት። ቡናማ ነጠብጣቦቹን በጥጥ በረኪና ነካ ነካ አደረግኳቸው፤ ዓይኔ እያየ ነጡ። ከዚያ ጀርባውን ኮላ ቀብቼ ካርቶን ላይ ለጠፍኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ሰውየው ሲመጡ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። "ልጄ፣ ጠርዙስ?" አሉኝ።

"ተቀዶ ነበር ዶክተር" አልኳቸው።

አልተቀደደም ነበር። እሳቸውም አውቀዋል። ማወቃቸውን ደግሞ እኔ አውቄያለሁ።

አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ያስረዱኝ ጀመር። መስመሩ መዳብ ላይ በሹል ብረት ይቆፈራል። ቀለሙ የተቆፈረው ውስጥ ይገባል፤ ላዩ ይወለወላል። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ይደረግበትና በማተሚያው መሃል ያልፋል። ወረቀቱ ቀለሙን መጥጦ ያወጣል። የመዳቡ ጠርዝም ወረቀቱን ተጭኖ ጎድጎድ ያለ መስመር ይተዋል። ከሥዕሉ ሥር በደቃቅ ፊደል የሳለውና የቀረጸው ሰው ስም ይሰፍራል። እኔ ጠርዙንም ስሙንም ቆርጬ ጥያለሁ።

ቀጥለው ስለ ግመል አወሩ። ቡፎን ሻኛውና የደረቱ ጠንካራ ቆዳ ከጭነትና ከባርነት ብዛት የመጣ ነው ብሎ ጽፏል። ዶክተሩ በዚህ ይበሳጩ ነበር። "ጎቢ በረሃ ጭነት የማያውቅ የዱር ግመል አለ፤ እሱም ሁለት ሻኛ አለው!" አሉ። አፋር ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠሩ ስለ ግመል ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላሉ። ሻኛው ስብ እንጂ ውኃ እንዳልሆነ፣ ግመሉ ሲራብም እየሟሸሸ ወደ ጎን እንደሚዘነበል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሂሳቡን ሙሉ ከፍለው፣ ሥዕሉን ብብታቸው ሥር ይዘው ሄዱ። ተመልሰው አልመጡም።

ማታ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጥኩት። ከሥዕሉ ሥር የቆረጥኳትን ቁራጭ አገኘኋት። አድራሻቸው ደረሰኙ ላይ አለ። ነገ እወስድላቸዋለሁ፣ እውነቱንም እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ከዓመታት በኋላ ሳጠያይቅ ማረፋቸውን ሰማሁ። የወረቀት ጥገና የተማርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። በረኪና ለጊዜው ያነጣል፤ ቆይቶ ግን ወረቀቱን ከውስጥ ያደክመዋል። ያ ግመል ዛሬ በየትኛው ግድግዳ ላይ እየደከመ ይሆን?

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ "ስንት ያወጣል?" ትላላችሁ፣ በቃ። ይህን ሁልጊዜ እላለሁ። ግን ልጅቷ እጇን ከማሳረፏ በፊት ጠየቀችኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም። እንግዲህ ቃሌን ልመልስ።

ልጄ፣ መጀመሪያ በማጉያ መነጽር እይው። ነጠብጣብ በነጠብጣብ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ኅትመት ነው። ጥላው ሁሉ ከፀጉር በቀጠኑ መስመሮች የተሠራ ከሆነ ግን ምንም አትቀቢው። የዚያን ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከጨርቅ ነው፤ ጠንካራ ነው። የሻይ ቀለሙ ዕድሜው ነው፣ ተዪው። ፍሬም ቤት ከወሰድሽው ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ፣ ኮላም እንዳይደርስበት ንገሪያቸው። ከላይ በኩል ብቻ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ በተለጠፈ ስስ የጃፓን ወረቀት ይንጠልጠል። ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ፍሬሙ ቢጠብ ሌላ ፍሬም ይሠራ።

ያቺ ቁራጭ አሁንም ፖስታ ውስጥ አለች። በግራ የሳለው፣ በቀኝ የቀረጸው ሰው ስም ይነበባል። ጣቴን ሳሳልፍባት የመዳቡ ጠርዝ የተወው መስመር ይሰማኛል።